የኔታ ቁራ 62 አገኙ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በመካኒሳ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በጎመኑና በሰላጣው ማሳ መሐል እየተጠማዘዘ በሚወርድበት ዳር፣ አንድ ያረጀ ጽድ ነበር። ነፋሱ ከአልኮል ፋብሪካው በኩል ሲመጣ የዛፉ ወፎች ሳይጠጡ ሞቅ ይላቸዋል፤ ከአቦ በኩል ሲመጣ ደግሞ ቅዳሴ ሰምተው ንስሐ ይገባሉ። በዛፉ ጫፍ ላይ አለቃ ጭልፊት ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ሥር ልጆቻቸው፣ ከልጆቻቸው ሥር አማቾቻቸው፣ ከአማቾቻቸው ሥር የአማቾቻቸው አበልጆች ሰፍረዋል። ወንዙ ሲሞላ ውኃው በሚልሳት የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ላይ ድንቢጥ ትኖር ነበር።

ድንቢጥ ክንፍ ጠጋኝ ናት። የመብራት ሽቦ የመታውን፣ የልጆች ወንጭፍ ያገኘውን፣ ጀርመን አደባባይ ላይ ከሚኒባስ መስታወት ጋር የተላተመውን ሁሉ በቃጫና በእንጨት ስባሪ እያሰረች ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋን የሚያውቀው የታመመ ብቻ ነው። የዳነ ይበራል፤ የበረረ ይረሳል።

ከእሷ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ ብለው የኔታ ቁራ ይኖራሉ። 51 ዓመታቸው ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው፤ የዛፉ ወፍ ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው ምንቃር ነው። ግዕዙን፣ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ እንግሊዝኛውን ያውቃሉ። በመካኒሳው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አጥር ላይ ተቀምጠው ልጆቹ በእጃቸው ሲያወሩ እያዩ፣ የእጅ ቋንቋውን እንኳ በክንፋቸው ለምደውታል።

ድንቢጥ በየዓመቱ ውኃ ወደማይደርስበት ቅርንጫፍ ልዛወር ብላ ታመለክታለች። አለቃ ጭልፊት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የድንቢጥ ልጅ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እናያለን።»

ከ«እናያለን» ፍሬ የለቀመ ወፍ በመካኒሳ ታይቶ አይታወቅም።

ዕድሏንም ሞክራለች። አሜሪካ የሚባለው ሐይቅ በየዓመቱ እስከ 55,000 ለሚደርሱ ወፎች ዕጣ ይጥል ነበር፤ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ ሁሉ ሊሞላ ይችል ነበር። ድንቢጥ ስድስት ጊዜ ሞላች። ስድስቱንም ጊዜ ዝም ተባለች። በሰባተኛው ዓመት አብራት ፎቶ የተነሣችው ርግብ ደረሳት።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት ድንቢጥ።

«ምንም» አለች ርግብ። እውነቷን ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሽመላ ከሰሜን መጣ። ሽመላ መንገደኛ ነው፤ በየሐይቁ ያደረውን ወሬ ይዞ ይመጣል። ወፎቹ ከበቡት።

«ካናዳ የሚባል ሐይቅ አለ» አለ። «ሰፊ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌው በዝቷል፣ ጫጩቱ አንሷል። እነሱ ዕጣ አይጥሉም። የማን ልጅ ነህም አይሉም።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ስንት ነህ ይላሉ።»

ወፎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዱሮ እነሱም ላባ ነበር የሚያዩት» ቀጠለ ሽመላ። «ነጭ ላባ ይገባል፣ ጥቁሩና ቡናማው ከበር ይመለሳል። በ1962 እ.ኤ.አ. ያን ደንብ አነሡ፤ በ1967 በቦታው ሚዛን ተከሉ። በዓለም የመጀመሪያው የነጥብ ሚዛን እሱ ነው። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና እንግሊዝ በየተራ ቀዱት።»

የኔታ ቁራ ጥቁር ክንፋቸውን ዘርግተው አዩት። «አሁን በሚዛኑ ላይ ለቀለም የተሰመረ ዓምድ የለም?»

«የለም፣ የኔታ። ዓምዶቹ ስድስት ናቸው። ቋንቋ 28፣ ትምህርት 25፣ የሥራ ልምድ 15፣ ዕድሜ 12፣ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ 10፣ ሐይቁን ለመልመድ የሚረዳ ነገር 10። ድምሩ 100 ነው። 67 ያመጣ ያልፋል።»

ዛፉ ጸጥ አለ። የመካኒሳ ወፎች የአንድ ነገር ዋጋ ተጽፎ ሲሰቀል አይተው አያውቁም ነበር።

በነጋታው ጋጋኖ ከዛፉ ሥር ቢሮ ከፈተ። ድምፁ እስከ ቆሬ ይሰማል። «ያለ ፈተና! ያለ ልምድ! ነጥብ እንሞላለን!» ድንቢጥን ጠርቶም «ስምንት ዓመትሽን 12 አደርግልሻለሁ» አላት።

ሮጣ ለየኔታ ነገረቻቸው። የኔታ ሳቁ።

«ልጄ፣ ልምድ 6 ዓመት ከሞላው በኋላ 15 ነው፤ 8ም ይሁን 12 ያው 15። ይህ ሰውዬ ያለሽን መልሶ ሊሸጥልሽ ነው። ሐሰት የተገኘበት ደግሞ በሩ ለ5 ዓመት ይዘጋበታል። ቅጹን ማንም በገዛ እጁ መሙላት ይችላል። ነይ ቁጭ በይ፣ አብረን እንደምር።»

በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ በምንቃራቸው ይጽፉ ጀመር።

«ዕድሜሽ 30። ከ18 እስከ 35 ላለ ሙሉ 12 ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ ይቀንሳሉ፤ 47 ላይ ዜሮ ይሆናል። ለአንቺ 12። የመጀመሪያ ዲግሪሽ 21። ልምድሽ 15። ስንት ሆነ?»

«48።»

«67 ለመድረስ 19 ጎደለ። የጎደለው እንግዲህ ምላስ ነው።»

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። ሐይቁ ግን እንደ እኔ አገር ጩኺ ይላል፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ብቻ። ግዕዝ ዓምድ የለውም። በክንፍ የሚወራው ቋንቋማ ጭራሽ አልታሰበም። የኔታ በየማታው አስተማሯት፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። እግረ መንገዳቸውን ለባልና ሚስት ዋኔዎችም ምክር ሰጡ፦ «ሁለታችሁም ተፈተኑ፤ ከፍ ያለ ያመጣው በስሙ ይሙላ፣ ሌላው ይከተል።»

ድንቢጥ ለወራት የለቀመችውን እህል ሸጣ ተፈተነች። 16 አገኘች። ከ48 ጋር 64 ሆነ። ለ67 ሦስት ጎደለ። ያን ቀን አልበላችም።

«ሦስት ነጥብ እኮ ነው የጎደለሽ» አሏት የኔታ። «ማን ነው እስከ ዛሬ የጎደለሽን ቆጥሮ የነገረሽ? የጎደለው ከታወቀማ ይሞላል።»

እንደገና ተፈተነች። በዚህኛው የኔታም አብረዋት ገቡ፤ ብቻዋን እንዳትፈራ ነው አሉ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም የእንግሊዝኛውን ሙሉ 24 አምጥተዋል። ድንቢጥ 72 ሆነች። እልልታው ረገብ ሲል፣

«የእርስዎንስ አንደምርም፣ የኔታ?» አለች።

«የእኔ ምን ይደመራል!» አሉ። ምንቃራቸው ግን አሸዋው ላይ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ 23። ልምድ 15። ቋንቋ 24። ዕድሜ… እዚህ ላይ ቆም አሉ፤ ከዚያ አንድ ክብ ሣሉ። ዜሮ። ድምሩ 62።

35 ዓመታቸው ቢሆን ኖሮ 74 ነበሩ፤ ከተማሪያቸው በሁለት ይበልጡ ነበር።

ሽመላ አዘነ። «አምስት ነው የጎደለዎት። እዚያ የሚኖር ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የእህት ልጅ የለዎትም? ቋሚ ነዋሪ ወይም ዜጋ ከሆነ 5 ነጥብ ያስጨምራል።»

ወፎቹ በሳቅ ፈረሱ። «በሉ በሉ! እዚያም ዘመድ ይቆጠራል!»

የኔታ አልሳቁም። «ይቆጠራል» አሉ። «አምስት ነው። ዋጋው ተጽፎ በር ላይ ተሰቅሏል። እዚህ ዘመድ ስንት ነጥብ እንደሆነ የሚያውቅ አለ?»

ሁሉም ቀና ብሎ ወደ ዛፉ ጫፍ አየ፤ ከዚያ ቶሎ አቀረቀረ።

ድንቢጥ ጠጋ ብላ ሹክ አለች። «እኔ ቀድሜ ልግባና ልጃቸው ነኝ ልበል።»

«አምስት ነጥብ ፍለጋ ወጥተሽ አምስት ዓመት ይዘሽ ልትመለሺ? ተይ ልጄ።»

ይልቁንስ የኔታ ሌላ ነገር አደረጉ። 62 የተባለበትን በወረቀት ገልብጠው ከቅርንጫፋቸው ላይ ሰቀሉት። ጋጋኖ ሲያልፍ አይቶ ጮኸ። «ወድቀው ሳለ ይሰቅሉታል እንዴ?»

«አዎ፣ ወድቄያለሁ። ግን በስንት እንደወደቅሁ ዐውቃለሁ፤ ለምን እንደወደቅሁም ዐውቃለሁ። እዚህ ዛፍ ላይ 25 ዓመት ስወድቅ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን የነገረኝ የለም።»

ድንቢጥ 72 ይዛ የምትበር መስሏት ጓዟን ሸክፋ ነበር። ሽመላ መለሳት። 72 ወረፋ ያስይዛል እንጂ አያስገባም። ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባል ሌላ ሚዛን ከበሩ ውስጥ አቁሟል፤ የዚህኛው ጣሪያ 1,200 ነው። 67ን ያለፉት ሁሉ በአንድ ጉረኖ ገብተው እንደገና ይመዘናሉ፤ ሐይቁ በፈለገው ቀን ከላይ ጀምሮ የፈለገውን ያህል ይጠራል። የፈተናው ወረቀት 2 ዓመት፣ የዲግሪው ማረጋገጫ 5 ዓመት፣ በጉረኖው ውስጥ የሚቆዩበት ፈቃድ 12 ወር ያገለግላል።

ተመዘነች። ዕድሜዋ ያኔ 31 ነው፤ 99 ሰጧት። ለዲግሪዋ 120፣ ለእንግሊዝኛዋ 124። ትምህርቱና ልምዱ ከጥሩ ቋንቋ ጋር ስለተጣመሩ 75 ተጨመረላት። 418 ሆነች።

አልተጠራችም። ወር ሄደ፣ ወር መጣ። 32 ዓመት በሞላት ቀን ወፎቹ ተሰብስበው ዳቦ ቆረሱላት፤ ያን ቀን የሐይቁ መዝገብ 5 ነጥብ ቆረሰባት። 413።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም» አሉ የኔታ። «ስሚኝ። በ2013 ዓ.ም. የካቲት፣ ወረርሽኙ ሰማዩን ዘግቶት ሳለ፣ ይኸው ሐይቅ በአንድ ጥሪ ወለሉን እስከ 75 አውርዶ ነበር፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሠርተው ለነበሩ ወፎች። 75! በዚያ ሌሊት በዓለም ላይ ያለ ወፍ አልሰነፈም፣ አልጎበዘም። የሐይቁ ችግር ነው የተለወጠው። ሚዛኑ ላይ የወጣሽ ይመስልሻል እንጂ የሚመዘነው የእነሱ ጎደሎ ነው። ዛሬ በጎደሏቸው ልክ አልሆንሽም፤ ነገ ትሆኚ ይሆናል። ክንፍ ማሰርሽ ግን አልቀነሰም።»

በዚያው ሰሞን የጋጋኖ ቢሮ ተዘጋ። ከሐይቁ የመጣ የሥራ ጥሪ እስከ 200 ነጥብ ያስጨምር ስለነበር ጋጋኖና መሰሎቹ ጥሪውን በየዛፉ ይቸረችሩት ነበር፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ከሁለተኛው ሚዛን ላይ ያን ነጥብ ፋቀው። ወረቀት የገዙ ወፎች ጋጋኖን ቢፈልጉት ስልኩ አይነሣም።

ከዚያ አንድ ማለዳ መልእክት መጣ። ከሐይቁ ዳርቻዎች አንዷ «ክንፍ ጠጋኝ አጥተናል» ብላ ድንቢጥን በስሟ መረጠቻት። የዳርቻ ምርጫ 600 ነጥብ ነው። 413 የነበረችው ድንቢጥ በአንድ ጀንበር 1,013 ሆነች።

ተጠራች። በ60 ቀን ውስጥ ሰነዱ ሁሉ መግባት አለበት፤ የጤና ምርመራው፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗ፣ ስንቋም ጭምር። ስንቁ ለአንድ ወፍ ከ14,000 የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ ብድር ሊሆን አይችልም። ድንቢጥ ያላትን ብትቆጥር አልሞላም። የኔታ ወሬውን በዛፉ ላይ አስነገሩ። ያን ጊዜ በስምንት ዓመት ውስጥ የበረሩትና የረሱት ሁሉ ከለቡም፣ ከጀሞም፣ ከሳርቤትም መጡ። እያንዳንዱ አንዳንድ ፍሬ ጥሎ «ለክንፌ» እያለ ሄደ። ድንቢጥ ስንት ክንፍ እንዳሰረች ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ስድስት ወር ያህል ጠብቃ የይለፍ ወረቀቷ መጣ። በሽኝቱ ቀን አለቃ ጭልፊት ከጫፍ ወርደው ረጅም ንግግር አደረጉ። «ይህች የመካኒሳ ልጅ ናት!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «የእኛ ልጅ!»

የማን ልጅ እንደሆነች የታወቀው ስትሄድ ነው።

ከሐይቁ የላከችው የመጀመሪያ ደብዳቤ አጭር ነበር። «የኔታ፣ ነጥቡ በር ይከፍታል እንጂ ሥራ አያስይዝም። እዚህ ክንፍ ለመንካት የዳርቻው ጠጋኞች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንደገና መፈተን አለብኝ። እስከዚያ ያረጁ ወፎችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከገባሁ ወዲህ ነጥቤን የጠየቀኝ የለም። ስሜን ግን በየቀኑ ያጣምሙታል። ቅርንጫፌ ደረቅ ናት፤ ውኃ አይደርስባትም። ማታ ማታ ግን የአቦ ደወል የተደወለ እየመሰለኝ እነቃለሁ።» ከግርጌው «ልጅዎ» ብላ ፈርማለች። የኔታ ያቺን ቃል ደጋግመው አነበቧት። በየትኛውም ሚዛን ነጥብ የላትም።

ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት ትንሹ አቃቂ ሞልቶ ማሳውን ዋጠ፣ ነፋሱ ጽዱን አንገጫገጨ። ሲነጋ የአለቃ ጭልፊት የልጅ ልጅ ክንፉ ተሰብሮ ጭቃው ላይ ተገኘ። አለቃው ከጫፍ እስከ ሥር እየበረሩ ጮኹ።

«ጠጋኝ ጥሩ! ጠጋኝ የት አለ?»

ከልጆቻቸው ጠጋኝ አልተገኘም። ከአማቾቻቸው አልተገኘም። ከአበልጆቹም አልተገኘም። እነዚያ ሁሉ ቅርንጫፎች ላይ ማን ምን ይችላል ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ፣ የሚመልስም አልነበረም።

የኔታ ቁራ ወደ ቅርንጫፋቸው ወጡ። 62 የተጻፈበትን ወረቀት አወረዱና ገለበጡት። ጀርባው ንጹሕ ነበር። ከሰል በምንቃራቸው ይዘው ሥሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ክንፍ ሲታሰር ያየ አለ?»

ማንም አልተነፈሰም። ቆይቶ ከሰላጣው ማሳ በኩል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ስም እንኳ ያልወጣላት፣ ጭቃ የለበሰች አንዲት ጫጩት ነበረች።

«እኔ ለእትዬ ድንቢጥ ቃጫ አቀብላት ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም፣ የኔታ።»

«እንቁጠረው። ኑ፣ ያያችኋት መስክሩ።» የዳኑት አንድ በአንድ ተናገሩ፤ የኔታ ጻፉ። ከዚያ ለጫጩቷ ቃጫውን ሰጧት። እሳቸው የስብራቱን ጫፍ ያዙላት፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች ማሰር ጀመረች።

አለቃ ጭልፊት ከላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ልማድ ሆኖባቸው፣

«ይህች ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

የኔታ ቁራ ከወረቀቱ ቀና አላሉም።

«እሱ ጋ ገና አልደረስንም፣ አለቃ። እሱ አምስት ነጥብ ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።